ስምንት ወይም ከዚያ በላይ

ገና ከቅርፊቱ የወጣ ጫጩት ወንድ ይሁን ሴት ማን ያውቃል የምትሉ ከሆነ እህቴን አታውቋትም። ታናሼ ናት። የምትሠራው እንቁላል ማስፈልፈያ ቤት ነው። ከመብራቱ ሥር ትቀመጥና ጫጩቱን በግራ እጇ ለስለስ አድርጋ ይዛ፣ በቀኝ አውራ ጣቷ ክንፉን እንደ ማራገቢያ ትዘረጋዋለች። ክንፉ ጫፍ ላይ ሁለት ረድፍ ላባ አለ፤ ላባ ይባል እንጂ የቅንድብ ፀጉር የሚያህል ነገር ነው። የታችኛው ረድፍ ከላይኛው ረዘም ካለ ሴት ናት፤ እኩል ከሆነ ወንድ ነው። በቃ፣ ሙያው ይኸው ነው። ሲወራ ቀላል ነው። እኔ አንዴ ልሞክር ብዬ የያዝኩት ጫጩት ኩሱን እጄ ላይ ለቀቀብኝ እንጂ ረድፉስ ቀርቶ ክንፉም በወጉ አልታየኝ።

ሴቶቹ በቀኝ ሳጥን፣ ወንዶቹ በግራ ሳጥን ይገባሉ። ገዢ የሚፈልገው ቄብ ነው፤ ቄቧ አድጋ እንቁላል ትጥላለች። ወንዱ አድጎ ይጮኻል። ታዲያ ለዪውም ሰው ነውና ይሳሳታል፤ ከመቶ ጫጩት አምስቱ ቢሳሳት ያለ ነው ብሎ ማስፈልፈያው ለገዢዎቹ አስቀድሞ ይነግራል። እህቴ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየች ሠራተኞቹ «ዓይናማ» ይሏታል። በስሟ የሚጠራት የለም፤ እሷም በስሟ ቢጠሯት ዞር የምትል አይመስለኝም።

እህቴ አልወለደችም። የኔ ልጅ ግን የሷ ናት ብል ይቀለኛል። እናቷ የሞተችባት ገና ጡት ሳትተው ነው፤ እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ፣ ሕፃን እንዴት እንደሚታቀፍ እንኳ አላውቅም ነበር። እህቴ ልብሷን በአንድ ሻንጣ ይዛ መጣች፣ ሻንጣውን አልጋ ሥር ከተተች፣ ከዚያ ወዲህ ሻንጣው አልተከፈተም። ልጅቷን «ሚጣ» አለቻት፤ ልጅቷ ደግሞ «እቴቴ» አለቻት። ሚጣ አድጋ ኮሌጅ ገብታ ስለ ቁጥር ተምራ ስትወጣ፣ የማስፈልፈያው አለቃ ፊት ቆማ «ልጄን ቅጠርልኝ፣ ብትሰንፍ እኔን አባርረኝ» ያለችውም እሷው ናት።

ልጄ ቢሮ ውስጥ ተቀመጠች። ሥራዋ ገዢ ቅሬታ ይዞ ሲመጣ ስህተቱ የሠራተኛው ጉድለት ነው ወይስ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር የሚለውን ማስላት ነው። ይህንን ኢንተርኔት ላይ ባለ ማስያ ነው የምትሠራው። አንድ ቀን እኔንም በስልኳ አሳይታኛለች፤ ሦስት ባዶ ሳጥኖች አሉት። አንደኛው ውስጥ ስንት ጫጩት እንደታየ ይጻፋል። ሁለተኛው ውስጥ በአንዱ ጫጩት ላይ የመሳሳት ዕድሉ ይጻፋል። ሦስተኛው ውስጥ ስንት ስህተት እንደተገኘ። ከዚያ «አስላ» የሚለውን ነካ ማድረግ ነው፤ ዓይን እስኪርገበገብ መልሱ ከሥር ተደርድሮ ይመጣል።

«ይኼ ሁሉ ትምህርት ለዚህ ነው?» አልኳት።

«አባዬ፣ መርፌ ያለው ሁሉ ጫማ ይሰፋል?» አለችኝ።

አለቃው ከአንድ ሥልጠና ይዞት የመጣው ሕግ አለ። እንዲህ ያለ ስህተት በአጋጣሚ የሚመጣው ከመቶ አስር ጊዜ ባነሰ ከሆነ፣ አጋጣሚ ነው አይባልም፤ ሠራተኛው ከጠረጴዛው ይነሳል። አስርና ከዚያ በላይ ከሆነ ይታለፋል። ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ፈርሞበታል።

እንግዲህ አንድ ቀን ጠዋት አንድ ጡረታ የወጣ ሹፌር ማስፈልፈያው ግቢ ውስጥ ገብቶ ይጮህ ጀመር።

«መቶ ቄብ ብዬ ገዝቼ ስምንቱ አውራ ሆነው ቁጭ አሉ! ስምንት! ጎህ ሳይቀድ በተራ ነው የሚጮኹት፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል። ጎረቤቶቼ ሰላምታ አቁመውብኛል!»

«የማንቂያ ደወል ገዝተው ቢሆን እንዲህ የሚታመን አያገኙም ነበር» አለች አንዷ ሠራተኛ። ሳቅ ሆነ። ሹፌሩም ሳይወድ ሳቀ፣ ግን አልተመለሰም፤ የሳጥኑን ምልክት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። እያንዳንዱ ለዪ በሳጥኑ ላይ የራሱ ምልክት አለው። ምልክቱ የእህቴ ነበር። ሳቁ ቀጥ አለ።

አለቃው ወደ ልጄ ዞሮ ድምፁን ቀነስ አደረገ። «አክስትሽ ናት። ከከበደሽ እኔው ላስላው።»

«ለምን ይከብደኛል?» አለች። በሩ ላይ ሠራተኞች ቆመው ነበር፤ እነሱ እንዲሰሙ ነው ጮክ ብላ የተናገረችው። «ቁጥሩ እንደሆነ የማንም ቢሆን ያው ነው።»

የማስያው አንደኛ ሳጥን ውስጥ መቶ ጻፈች። ሁለተኛው ውስጥ ከመቶ አምስት። ሦስተኛው ውስጥ ስምንት። «አስላ»ን ነካች። ከመልሶቹ የመጀመሪያው መስመር ላይ ከመቶ ስድስት ተኩል የሚል መጣ። ስድስት ተኩል ከአስር ያንሳል።

«ከመቶ ስድስት ተኩል ነው» ብላ ጮክ ብላ አነበበች።

ከሥር ሌሎች መስመሮች ነበሩ። ኋላ ላይ ስትነግረኝ፣ «ጣቴ ወደ ታች ሊወርድ ፈልጎ ነበር አባዬ» አለችኝ። «ግን ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። ደግማ ብታይ፣ ለአክስቷ ማምለጫ ትፈልጋለች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ገጹን ዘጋሁት።»

ልብ በሉልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ሁለቴ ሦስቴ ታየው ነበር። ያላየችው አክስቷ ስለሆነች ነው።

እህቴ ሲነገራት አልተከራከረችም። «ስምንት?» አለች። «ስምንትማ ብዙ ነው።» ሽርጧን ፈታ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችውና ወደ ማጠቢያው ሄደች፤ የእንቁላል ትሪ ታጥብ ጀመር። በሷ ቦታ አንዲት ቀጭን ልጅ ተቀመጠች፤ ጎበዝ ልጅ ናት፣ እህቴው ያስተማረቻት።

ማታ እራት ላይ እህቴ እጇን ወደ አምፖሉ አቅርባ ታገላብጠዋለች።

«ጋሼ፣ ዓይኔ ሄዷል» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው? ትናንት ከመንገድ ማዶ የኔን ደንበኛ በአረማመዱ የለየሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«እሱ የሩቁ ነው። የሄደው የቅርቡ ነው።»

ልጄ አንገቷን ደፍታ ትበላለች። ያን ጊዜ ገና ጥፋቷን አላወቀችም።

ያልኩትን አትሰማኝም፤ መነጽር ቤት ወሰድኳት። ባለሙያው ትንንሹን ፊደል ሁሉ አስነብቧት፣ «እናቴ፣ ዓይንዎ ለዕድሜዎ እጅግ ደህና ነው» አላት። ስንወጣ፣ «ደግ ሰው ነው፤ ሊያጽናናኝ ነው» አለችኝ። ምን ትሏታላችሁ? ሰው ስለራሱ ክፉውን አንዴ ካመነ ደግ የሚነግረውን ሁሉ ውሸታም ያደርገዋል።

እሁድ እሁድ የሴት ጫማ ስስ ስፌት የምትሰፋልኝ እሷ ነበረች፤ የኔ ጣት ለወፍራም ቆዳ እንጂ ለዚያ አይሆንም። መርፌዎቹን ከነመያዣቸው አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችልኝ። «የሰው ጫማ እንዳላበላሽብህ» አለች። ምስር ስትለቅምም ሰፌዱን ወደ ልጄ ገፋ አድርጋ፣ «ሚጣ፣ አንቺ ልቀሚው፤ እኔ ጠጠር አበላችኋለሁ» አለቻት። እንዲህ እንዲህ እያለች ቤት ውስጥ ከነበራት ሥራ አንድ በአንድ እጇን አነሳች። ማንም አላስነሳትም። እሷው ናት ያነሳችው።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ ሌላ ቅሬታ መጣ። አንድ ትልቅ እርባታ አራት መቶ ጫጩት ገዝቶ ሃያው ወንድ ሆኖበታል። ለዪዋ ያቺ ቀጭኗ ናት። ልጄ ከማስላቷ በፊት ሳቀች፤ ምክንያቱም ከመቶ አምስት ማለት ከአራት መቶ ሃያ ነው፤ የተፈቀደው ልክ እሱ ነው። ሰውየው የመጣው ደንቡን ስላላወቀ ነው ብላ፣ ለወጉ ያህል ቁጥሮቹን አስገባች። አራት መቶ፣ ከመቶ አምስት፣ ሃያ። «አስላ»።

ከመቶ ዘጠኝ።

ዘጠኝ ከአስር ያንሳል። እንግዲህ በሕጉ ከሄድን፣ የተፈቀደላትን ያህል ብቻ የተሳሳተች ልጅ ከጠረጴዛዋ ልትነሳ ነው! ልጄ የተሳሳተ ቁጥር ያስገባች መስሏት ደግማ ጻፈች። ያው ዘጠኝ። ያን ጊዜ ጣቷ ወደ ታች ወረደ። የመጀመሪያው መስመር «ልክ ሃያ» ይላል። ቀጥሎ «ከሃያ በታች» የሚል አለ። ከዚያ ዝቅ ብሎ «ሃያ ወይም ከዚያ በላይ» ይላል፤ እዚያ ላይ ያለው ከመቶ ሃምሳ ይበልጣል።

ቀጭኗን ያዳነቻት ያቺ የታችኛዋ መስመር ናት። ልጄ ግን የአክስቷ ስምንት ትዝ አላት። ሃያውን አጥፍታ ስምንት ጻፈች፤ አራት መቶውን አጥፍታ መቶ ጻፈች። ይህን ጊዜ ከላይ አልጀመረችም። ቀጥታ ወደ ታችኛዋ ሄደች። «ስምንት ወይም ከዚያ በላይ»፦ ከመቶ አስራ ሦስት ሊሞላ ጥቂት የቀረው።

ከአስር ይበልጣል።

በመስኮቱ በኩል እህቴ ትታያት ነበር። እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባ፣ ጎንበስ ብላ ትሪ ትፈትጋለች።

ልጄ ያን ዕለት ለማንም አልተናገረችም። በማግሥቱም አልተናገረችም። እቤት ግን ነገረ ሥራዋ ሁሉ ተለወጠ። አክስቷ ሳትነሳ ተነስታ የአክስቷን የሥራ ልብስ ታጥባለች። የእጅ ቅባት ገዝታ ትመጣለች። ውሃ ልቅዳልሽ፣ ጫማሽን ላውልቅልሽ፣ ትራስሽን ላስተካክልልሽ። ፊት ለፊት ግን አትቀመጥም፤ ሁልጊዜ በጎን ነው የምትቀመጠው።

«ጋሼ» አለችኝ እህቴ በሹክሹክታ፣ «ይቺ ልጅ ፍቅር ይዟታል።»

«በምን አወቅሽ?»

«ደግ ሆናለች። ምግብም አትበላም። ሰው ሲጠራትም እንደ ተያዘ ሌባ ትደነግጣለች። ፍቅር ካልሆነ ይኼ ምንድን ነው?»

እኔም ተቀበልኳት። እንዲያውም ልጁ ማን ይሆን ብለን፣ ዳቦ ቤት የሚሠራውን ነው፣ የለም ፋርማሲ ያለው ነው እያልን ተከራክረናል።

ጉዳዩ የከበደው እህቴ ከሥራ ልትወጣ ስትቆርጥ ነው። ትሪ ማጠቡ ወገቧን ጎድቷታል፤ እሱንስ ትችለው ነበር። ያቃታት በየጠዋቱ በዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ማለፉ ነው። «ለአለቃው ነግሬዋለሁ» አለችን። «በወሩ መጨረሻ እወጣለሁ። ለቀጭኗ ልጅ ጠረጴዛውን ለዘለቄታው ይፈርሙላታል። ይገባታል። እኔ ከእንግዲህ እቤት ቁጭ ብዬ በር እጠብቃለሁ።» ሳቅ ብላ ነው ያለችው፤ ማናችንም አልሳቅንላትም።

በበነጋው ልጄ ከሥራ መልስ ሱቄ ገባች። የተገነጠለ ሶል እለጥፍ ነበር። ከደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ልጠይቃት አፌን ሳልከፍት ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ ነገ ስንት ጫማ ይመጣልሃል?»

«እኔ ምን አውቄ። አስርም ይመጣል፣ አስራ ሁለትም ይመጣል።»

«ልክ አስራ አንድ ይመጣል ብለህ ትወራረዳለህ? አንድ ሳይጨምር፣ አንድ ሳይቀንስ?»

«ልክ አስራ አንድ? አብጃለሁ እንዴ?»

«አስራ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ብልህስ?»

«እሱማ ሊሆን ይችላል። ደህና ቀን ከሆነ።»

«እኔ» አለች፣ «እኔ ማስያውን የጠየቅኩት እንደ መጀመሪያው ውርርድ ነው። ልክ ስምንት የመሳሳት ዕድሏ ስንት ነው አልኩት። ልክ ከተባለ ደግሞ የትኛውም ቁጥር ትንሽ ነው። የተፈቀደው አምስት እንኳ፣ ልክ አምስት ከተባለ፣ ከመቶ አስራ ስምንት ብቻ ነው። መጠየቅ የነበረብኝ ስምንት ወይም ከዚያ በላይ ብዬ ነበር። ሰውየው ዘጠኝ አውራ ቢያገኝ አይናደድም ነበር? አስር ቢያገኝስ?»

«ይብስ እንጂ!»

«እና ሁሉም አብሮ ይቆጠራል። ሁሉም ሲደመር ከአስር ይበልጣል። አጋጣሚ ነበር፣ አባዬ። እቴቴ ዓይኗ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ ያሳወርኳት።»

ሙጫው እጄ ላይ ደረቀ። ለካ ፍቅር ያልነው ይኼ ኖሯል።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«ሳምንቱን ሙሉ ዝም?»

«ልንገራት እልና ፊቷን ሳይ፣ ነገ ይሻላል እላለሁ። ነገ ሲመጣ ደግሞ አንድ ቀን ጨምሬ ስለቆየሁ የባሰ ያሳፍረኛል።»

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ልቆጣት ይገባ ነበር መሰለኝ። ግን ሕፃን ሳለች ብርጭቆ ስትሰብር ስብርባሪውን በእጇ ጨብጣ ከአልጋ ሥር የምትደበቅ ልጅ ነበረች፤ ከብርጭቆው ይልቅ እጇ ነበር የሚያሳስበን። «ሂጂና መጀመሪያ ለአለቃሽ ንገሪ» አልኳት። «ከዚያ እቤት ነይ።»

ሄደች። አለቃው ከመጥፎ ሰው የሚቆጠር አይደለም፤ ግር ግር የማይወድ ሰው ነው እንጂ። አዳምጧት፣ ራሱ ቁጥሮቹን አስገብቶ አይቶ፣ ግንባሩን አሻሸ።

«ጥሩ። ነገ ወደ ጠረጴዛዋ ትመለስ» አላት። «ግን ይኼን ሁሉ ማውራት ምን ያደርጋል? የማስያው ነገር ከተወራ ነገ ሁሉም ቀድሞ የተፈረደበትን ይዞ ይመጣብኛል። አንቺንም ማንም አያምንሽም። መብራቱ ደካማ ነበር እንበላት። አምፖሉን ለውጠናል እንበል። እሷም ደስ ይላታል፣ አንቺም አትዋረጂም።»

ልጄ እቤት ስትመጣ ይህን ይዛ ነው የመጣችው። እህቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የደረቀ ልብስ ታጣጥፋለች። እኔ በሩ ላይ ነኝ።

«እቴቴ፣ የምሥራች። ነገ ወደ ጠረጴዛሽ ትመለሻለሽ።»

«እኔ? በየትኛው ዓይኔ?»

«ዓይንሽ ምንም አልሆነም። መብራቱ ነው። አምፖሉ ደክሞ ነበር፤ ተለውጧል።»

እህቴ የያዘችውን ልብስ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ፊቷ ሲፈካ አየሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም በልቤ «ይኸው፣ በቃ፣ እዚህ ላይ ይቁም» ብያለሁ።

«መብራቱ ነው?» አለች። «ተመስገን! መብራቱ ነው!» ሳቀች፣ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ከዚያ የልጄን እጅ ያዘች። «እኔኮ ሚጣዬ፣ ከራሴ ይልቅ ያዘንኩት ላንቺ ነው። በኔ ላይ ያን ቁጥር ስታነቢ አንጀትሽ እንዴት ሆኖ ይሆን እያልኩ። ትሪውን ሳጥብ የማስበው እሱን ነበር።»

ልጄ እጇን ከእህቴ እጅ አወጣች። መሬት ላይ ተቀመጠች።

«መብራቱ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገረቻት። የላይኛውን መስመር፣ የታችኛውን መስመር፣ በሩ ላይ የቆሙትን ሰዎች፣ ገጹን እንዴት እንደዘጋችው፣ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ማለቷን። አንዱንም አላስቀረችም። እህቴ ቁጥሩ ምን ያህል እንደገባት አላውቅም፤ አንዴም አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ እንዲህ አለች፦

«ያቺ ቀጭኗ ልጅ ብትሆን ኖሮ ወደ ታች ታዪላት ነበር?»

ልጄ መሬት የወደቀ ካልሲ አንስታ ታጣጥፍ ጀመር።

«ጠየቅኩሽኮ።»

«አዎ፣ እቴቴ። አይቼላታለሁም።»

«ከመንገድ የመጣ የማታውቂው ሰው ቢሆንስ?»

«አይለት ነበር።»

«እንግዲያው እኔ ከመንገድ ሰው አነስኩ ማለት ነው።»

«ያደላሁ እንዳይመስል ብዬ ነው፤ ዘመዴ ስለሆንሽ...»

«ዘመድሽ ስለሆንኩማ ነው የምልሽ!» እህቴ ድምጿን ከፍ ስታደርግ ስንት ዓመቴ ነው ሳልሰማ። «አድዪልኝ መቼ አልኩሽ? ለሌላው ሰው የምታደርጊውን ለኔም አድርጊልኝ ነው። እሱን ነው የነፈግሽኝ።»

«ይቅር በይኝ፣ እቴቴ።»

«ቆይ፤ አትቸኩይ። ይቅርታው የትም አይሄድም። አሁን ተናድጃለሁ፤ እስኪበርድልኝ ተይኝ።» ልብሱን አንስታ ማጣጠፏን ቀጠለች። አንድ ሸሚዝ ሦስቴ አጣጥፋ ሦስቴ ፈታችው። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «ያን ቁጥር ማን ፊት ነበር ያነበብሽው?» አለች።

«ሁሉም ፊት።»

«ሁሉም ፊት ታርሚዋለሽ። አምፖል ምናምን የሚል ወሬ እንዳልሰማ።»

«አለቃው...»

«አለቃውን እኔ እነግረዋለሁ። ብትሰንፍ እኔን አባርረኝ ብዬው የለ? ያባርረኛ!»

ያን ሌሊት ሁለቱም እንዳልተኙ ግድግዳው ነግሮኛል፤ አንዷ ስትገላበጥ ሌላዋ ትገላበጣለች። አንዳቸውም ግን አልተነጋገሩም።

ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ልጄ ጫጩት የሚለይበት ክፍል መሃል ቆመች። ከየማሽኑ፣ ከየማጠቢያው መጥተው ከበቧት። ሳጥኖቹ ውስጥ አዲስ የተፈለፈሉት ይንጫጫሉ፤ እነሱን በልጣ ለመሰማት መጮህ ነበረባት። የአክስቴን ጉዳይ ተሳስቼ ነው ያነበብኩት አለች። ልክ ስምንትን ነው የጠየቅኩት፣ ስምንት ወይም ከዚያ በላይ ማለት ነበረብኝ አለች። መልሱ ከሥሩ ነበር፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ አላየሁትም፣ አውቄም ሳምንት ዝም ብያለሁ አለች።

አለቃው ክንዱን አጣምሮ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። እንደፈራውም ከኋላ አንዱ፣ «እንግዲያው የኔንም ወደ ታች እይልኝ፤ ባለፈው ዓመት የተነሳሁት በላይኛው መስመር ይሆናል!» አለ።

«አያለሁ» አለች ልጄ። «የሁሉንም አያለሁ። ዛሬ እጀምራለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ቀጭኗ ልጅ ከወንበሩ ተነሳች፤ በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችውና ለእህቴ ለቀቀችላት። እህቴ ሽርጧን አሰረች። ተቀመጠች። መብራቱን ወደ ራሷ ሳበች፣ የመጀመሪያውን ጫጩት አነሳች፣ ክንፉን ዘረጋች።

እንደ ወትሮው ቢሆን ሰው «አንድ» ብሎ ሳይጨርስ ጫጩቱ ሳጥን ውስጥ ነው። አሁን ግን ቆየች። ክንፉን አጥፋ እንደገና ዘረጋችው። ወደ መብራቱ አቀረበችው። ሰው ሁሉ ወደየሥራው እንዲበተን እየጠበቀች ነው ያሉ ነበሩ፤ ልጄ ግን አጠገቧ ስለነበረች ዓይኗ ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ሲመላለስ አይታለች። ከዚያ እህቴ፣ ለዚያ ክፍል ሰው ሁሉ ሙያውን ያስተማረችው እህቴ፣ አንገቷን ወደ ልጄ መለስ አድርጋ በዝቅተኛ ድምፅ ጠየቀቻት።

«ሴት ናት፣ አይደል?»

ልጄ ጎንበስ ብላ አየች። ለሷ ክንፉ ላይ ያለው እርጥብ ጭረት ነው፤ ሌላ ምንም አይታያትም። «አዎ» ብትል እህቴ ትረጋጋለች። «አዎ» ማለት እንዴት እንደቀለላት፣ ቃሉ አፏ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ነው የነገረችኝ።

«እኔ አላውቅም፣ እቴቴ» አለች። «አንቺ ነሽ የምታውቂው። ደግመሽ እዪው፤ እኔ እጠብቅሻለሁ።»

እህቴ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ወደ ክንፉ ተመለሰች። ጫጩቱ በእጇ ውስጥ ይንጫጫል። ልጄ ቢሮዋ አልሄደችም፤ ስልክ ጠራ፣ አላነሳችም፤ እዚያው አጠገቧ ቆማ ቀረች።

«ሴት ናት» አለች እህቴ በመጨረሻ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ጫጩቷን በቀኝ በኩል ካለው ሳጥን አስገብታ ለሚቀጥለው እጇን ዘረጋች።